ለከሰል ቤት ፍለጋ፦ የሥራ ማስታወሻ

ቀን 1

ከሰል የሚባለው ውሻ መጠለያው ውስጥ ሰባት ወር ተቀምጧል። ጥቁር ነው፣ ቁመቱ መካከለኛ፣ ክብደቱ 24 ኪሎ። ደረቱ ላይ ጥፍር የምታህል ነጭ ምልክት አለችው። ሌላው ሁሉ ጥቁር ነው፤ ስሙም ከዚያ መጣ። ዕድሜውን የገመቱት በጥርሱ ነው። ቡችላ የወተት ጥርሱን ጥሎ 42ቱን ቋሚ ጥርሶች የሚያሟላው በሰባት ወሩ ገደማ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ዕድሜ ጥርሱ ምን ያህል እንደተበላና እንደቆሸሸ እየታየ ይገመታል። «ሦስት ዓመት በይው» አለኝ ተንከባካቢው። «ሁለትም ሊሆን ይችላል፣ አራትም።»

ፍርግርጉ ላይ የተለጠፈው ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «ለማዳና ተጫዋች ውሻ። ከሁሉም ጋር ይስማማል። ቤት ይፈልጋል።» ሰባት ወር ሙሉ ይህንኑ ሲል ከርሟል። ቀጥሎ ያለው ውሻ ወረቀትም ይህንኑ ይላል። የሚቀጥለውም እንደዚያው። ስማቸውን በእጅ ብትሸፍኑት የትኛው ወረቀት የማን እንደሆነ አታውቁም።

የኔ ሥራ እንግዲህ ይሄ ነው። ከሰልን ለጊዜው ቤቴ አኖረዋለሁ፣ ማን እንደሆነ አጠናዋለሁ፣ ወረቀቱን እንደገና እጽፋለሁ፣ ከዚያ ሰው እፈልግለታለሁ። እስካሁን ለምን እንዳልተወሰደ ተንከባካቢውን ጠየቅኩት። «ሰው ሲመጣ ይዘላል። ሰው ይደነግጣል። ወደሚቀጥለው ያልፋል። በቃ፣ ታሪኩ ይሄው ነው።»

ቅጹን ስሞላ ገመዱን በእግሬ ረግጬ ነበር። ከሰል መጣና ጎኑን አዞረ። ትከሻውን ጉልበቴ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ቀስ እያለ ክብደቱን በሙሉ ለቀቀብኝ። ቀና ብሎ አላየኝም፣ አልላሰኝም። ግድግዳ ያገኘ ሽማግሌ ይመስል ተደግፎኝ ቆመ። እስክሪብቶዬ ከመስመር ወጣ።

ደብተሬ ላይ የጻፍኩት የመጀመሪያ ቃል፦ «ይደገፋል»።

ቀን 2

ዛሬ ጥፋት አጠፋሁ። ጓደኞቼን «ኑ እዩት» ብዬ ጠራሁ፣ ሦስት ሆነው መጡ።

መጀመሪያ ጭራውን ቆላ። ቀጥሎ አዛጋ። ከዚያ ከንፈሩን ላሰ። አንዷ ጓደኛዬ «ውይ፣ እንቅልፉ መጣ» አለች። እንቅልፍ አልነበረም። ውሻ ሳይደክመው ሲያዛጋ፣ የሚበላ ሳይኖር ከንፈሩን ሲልስ፣ ፊቱን አዙሮ በዓይኑ ጠርዝ ነጩን እያሳየ ሲመለከት ጨንቆታል ማለት ነው። ይህን አውቃለሁ። እያወቅኩ ዝም አልኩ፣ ምክንያቱም ቤቱ ሞቅ ብሎ ነበር።

አንዱ ከላይ ጎንበስ ብሎ አንገቱን አቀፈው። ከሰል አጉረመረመ። አጭር፣ ዝቅ ያለ፣ ከደረት የሚወጣ ድምፅ። ሁሉም ቀጥ አሉ።

አልተቆጣሁትም። ማጉረምረም የውሻ «ተው» ነው። በማጉረምረሙ የሚቀጣ ውሻ ማስጠንቀቁን ይተዋል፤ ፍርሃቱ ግን አይተወውም። አንድ ቀን ድምፅ ሳያሰማ ይነክሳል፣ ሰውም «ምንም ሳይል ነከሰኝ» ይላል።

ጓደኞቼን ሸኘኋቸው። ያቀፈው ልጅ በሩ ላይ «ለማዳ ነው አላልሽም እንዴ?» አለኝ። ለማዳ ነው። አንተም ለማዳ ነህ፤ የማታውቀው ሰው መንገድ ላይ አንገትህን ቢያንቅህ ግን ምን ትላለህ?

የመጠለያ ሰዎች አንድ የሚጠቅሱት መለኪያ አላቸው፦ ሦስት ቀን፣ ሦስት ሳምንት፣ ሦስት ወር። ሦስት ቀን ድንጋጤው እስኪበርድ፣ ሦስት ሳምንት የቤቱን ሥርዓት እስኪለምድ፣ ሦስት ወር ቤቱ የሱ መሆኑን እስኪያምን። እንደየውሻው ይለያያል እንጂ በሁለተኛው ቀን ግብዣ አይጠራም። ገብቶኛል።

ቀን 3

ተኛ። በላ። ተኛ። ሌላ የሚጻፍ የለም።

ቀን 5

እስካሁን አንዴም አልጮኸም። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ ይኼኛው አምስት ቀን እኔ ጋ እየበላ ድምፁን አላሰማኝም። እ.ኤ.አ. በ1957 ወደ ጠፈር የተላከችው ላይካም ባለቤት የሌላት የሞስኮ ጎዳና ውሻ ነበረች። ስሟ በሩሲያኛ «ጯሂ» እንደማለት ነው። ከሰል ቢሆን ኖሮ ሌላ ስም ይፈልጉ ነበር።

ቀይ ኳስ ገዝቼለት ነበር። ሣር ላይ ወረወርኩት። ሮጠ፣ አለፈው፣ ተመለሰ፣ እያሸተተ ፈልጎ አገኘው። ሦስት ጊዜ እንደዚያው። ዓይኑ ታሞ ይሆን ብዬ ሠጋሁ። ለካ ችግሩ ኳሱ ነው። ውሻ ሰማያዊና ቢጫን አጥርቶ ይለያል፤ ቀይና አረንጓዴ ግን ይምታታበታል። ለኔ ደም የመሰለው ኳስ ለሱ ሣር ነበር። ሰማያዊ አመጣሁ። አየር ላይ ቀለበው።

አንድ ነገር ደግሞ ታዘብኩ። ለእግር ጉዞ ስንወጣ ከመራመድ ማሽተቱ ይበልጣል። አንድ ምሰሶ ሥር አራት ደቂቃ ቆምን፤ ሰዓት አይቼ ነው። መጀመሪያ ጎተትኩት፣ ከዚያ ተውኩት። የሰው አፍንጫ ሽታ የሚቀበሉ ሕዋሳት 6 ሚሊዮን ያህል ቢኖሩት ነው፣ የውሻ እንደ ዝርያው እስከ 300 ሚሊዮን ይደርሳል። እኔ ምሰሶ ብቻ ነው ያየሁት። እሱ ማን እንዳለፈ ያውቃል። እንደልቡ ያሸተተ ቀን ቤት ገብቶ ለጥ ይላል፤ እየጎተትኩ ድፍን ሰዓት ያስሮጥኩት ቀን ግን ማታ ጫማዬን ይዞ ሲዞር አመሸ።

ቀን 7

ሌሊት ሳል ቀሰቀሰኝ። አጥንት የተሰነቀረበት መሰለኝ። ደረቅ፣ እንደ ዝይ ጩኸት ያለ ሳል፤ መጨረሻው ላይ ሊያስመልሰው ይልና ነጭ አረፋ ይተፋል። አፉን ከፍቼ በስልክ መብራት ጉሮሮውን አየሁ። ምንም የለም።

ጠዋት የእንስሳት ሐኪም ጋ ሄድን። ሙቀቱን ለካችው፣ 38.9። እኔ ክው አልኩ። ሐኪሟ ሳቀች። የውሻ ጤነኛ ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ነው፤ በኛ ልክ ብንለካው ሁሌም ትኩሳታም ነው። ሳሉ ብዙ ውሾች ተጠጋግተው በሚኖሩበት ቦታ የሚዛመት የመተንፈሻ አካል ሕመም ነው አለችኝ። ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። መብላት ካቆመ ወይም ትንፋሹ ከከበደው ግን ሳላመነታ እንድመልሰው አስጠነቀቀችኝ።

ሁለት ትእዛዝ ይዤ ወጣሁ። አንደኛ፣ ከሌላ ውሻ ጋር እንዳይገናኝ። ሁለተኛ፣ የአንገት ማሰሪያው ይውለቅ፣ በደረት ማሰሪያ ይተካ። ገመዱ ጉሮሮውን በሳበው ቁጥር ሳሉ ይነሣበታል። ሁለተኛውን እዚያው በር ላይ ሞከርነው፣ ወዲያው ለውጥ ታየ። ቢድን እንኳ የደረቱን አልቀይርም ብዬ ወሰንኩ።

መዝገቡንም አየችልኝ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ጊዜው አላለፈም። የአንጀት ትላትል መድኃኒት ወስዷል፣ ተኮላሽቷል። ይህ ሁሉ በመጠለያው ወረቀት ላይ አልተጻፈም ነበር። «ተጫዋች» የሚለው ተጽፎ፣ ውሻ የሚወስድ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው ቀርቷል።

ቀን 17

ሳሉ ከለቀቀው ሦስተኛ ቀኑ ነው። አሁን ወደ ዋናው ሥራ፣ መዝለሉ።

ከሰል የሚዘለው ለክፋት አይደለም። ፊታችን ጋ መድረስ ይፈልጋል፣ ፊታችን ደግሞ ያለው ከላይ ነው። ሲዘል ሰው ይገፋዋል፣ «ውረድ!» ብሎ ይጮኽበታል፣ ዓይኑን ያየዋል። ለሱ ሦስቱም ጨዋታ ናቸው። ስለዚህ ደንቡ አንድ ነው፦ አራት እግሩ መሬት ላይ ካለ ሰው ያገኛል። ከዘለለ ሰው ይጠፋበታል። ጀርባ ማዞር፣ እጅን ማጣጠፍ፣ ዝም ማለት። እግሩ መሬት በነካባት ቅጽበት ዞር ብሎ ቁራጭ የተቀቀለ ዶሮ መስጠት። ቁራጯ ከአተር አትበልጥ፤ በቀን ሃምሳ ጊዜ ነው የምትሰጠው።

ዛሬ በሩን አርባ ጊዜ ወጥቼ ገባሁ። በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆንኩ።

ቀን 19

ባሰበት። ቀድሞ አንዴ የሚዘል የነበረው አሁን አራቴ ይዘላል፣ እጄን በአፉ ለቀም ያደርጋል። ተስፋ ልቆርጥ ነበር፤ ግን ይህም የሚጠበቅ ነው። እናንተም ሊፍት ጠርታችሁ ሳይመጣ ሲዘገይ ቁልፉን ደጋግማችሁ ትጫኑታላችሁ። የለመደው ነገር አልሠራ ሲለው ነው የሚያበዛው። እዚህ ላይ የተሸነፈ ሰው፣ «አራቴ ከዘለልክ ይሰጥሃል» ብሎ አስተማረው ማለት ነው።

ራስ ምታት የሆነብኝ ከሰል ሳይሆን ጎረቤቴ ነው። በዘለለበት ቁጥር «ግድ የለም፣ እኔ ውሻ እወዳለሁ» እያሉ ጆሮውን ያሹለታል። አሥር ሰው ጀርባውን አዙሮበት አንድ ሰው ካሻሸው፣ ትምህርቱ «አይዘለልም» መሆኑ ይቀርና «ሞክር፣ አንዳንዴ ይሳካል» ይሆናል። «ጋሼ፣ እባክዎን አይንኩት» ማለት አልሠራም። ስለዚህ ዘዴ ቀየርኩ። የዶሮ ቁራጭ በላስቲክ ቋጥሬ ሰጠኋቸው፦ «ጋሼ፣ እኔ አቅቶኛል። ሲቀመጥ ብቻ እየሰጡ እርስዎ ያስተምሩልኝ።»

በማግስቱ ለሌላው ጎረቤት ደንቡን ሲያስረዱ ሰማኋቸው። ድምፃቸው የዳይሬክተር ነበር።

ቀን 23

ጋሼ በሩን አንኳኩ። ከሰል ተነሣ፣ ተንደርድሮ ደረሰ፣ እፊታቸው ቁጭ አለ። ጀርባው እየተንቀጠቀጠ ነበር፣ ቂጡ ግን መሬት አልለቀቀም። እግራቸው ላይ ተደገፈ። ሁለታችንም አጨበጨብን፣ ከዚያ በማጨብጨባችን ዘለለ። ቢሆንም።

ቀን 24

ጥቁር ውሻን ፎቶ ማንሣት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ፎቶዎች ላይ ያለው ውሻ አይደለም፣ የውሻ ቅርጽ ያለው ጉድጓድ ነው። ዓይን የለ፣ ፊት የለ። መጠለያው የተጠቀመበትም ፎቶ እንዲህ ያለ ነበር። ከበስተኋላው ፍርግርግ፣ ከፍርግርጉ ኋላ ደማቅ ፀሐይ፣ መሐሉ ላይ ጨለማ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካሜራው የሥዕሉን ብርሃን በአማካይ ይመዝናል። ከኋላ ሰማይ ካለ ለሰማዩ ብሎ ሁሉን ያጨልማል፣ ጥቁሩ ፀጉርም አብሮ ይሰምጣል። መፍትሔው ስልኩ ላይ የከሰልን ፊት በጣት መንካት ነው፤ ካሜራው ለፊቱ ብሎ ብርሃን ይጨምራል። የኋላው ነገር ነጥቶ ቢበላሽ ይበላሽ፣ የምንሸኘው ሰማዩን አይደለም። ቀጥሎ ቦታ፦ ቀጥተኛ ፀሐይ ሳይሆን ጥላ፣ ብርሃኑ ከፊት ለፊት የሚመጣበት። ፍላሽ በፍጹም። የውሻ ዓይን ከኋላው ብርሃን የሚመልስ ሽፋን ስላለው ፎቶው ላይ እንደ መኪና መብራት ይበራል። መጨረሻ ላይ ጉልበት፦ ተንበርክኮ በሱ ቁመት ማንሣት። ከላይ የተነሣ ውሻ ሁሉ ጭንቅላት ብቻ ነው።

ጋሼ ከኋላዬ ሆነው በአፋቸው ፉጨት አሰሙ። ከሰል ጆሮውን አቆመ፣ አንገቱን ሰበር አደረገ። ያን ጊዜ ዓይኑ ጥቁር ሳይሆን ወፍራም ቡናማ መሆኑን አየሁ። ከሦስት ሳምንት በላይ አብሬው እየኖርኩ!

በመጨረሻ የመረጥኩት ግን ያንን አይደለም። ስልሳ አንደኛው ነው፦ ጋሼ ደክሟቸው ቆመዋል፣ ከሰል እግራቸውን ተደግፎ ወደ ጎን ያያል፣ ሱሪያቸው በጥቁር ፀጉር ተሞልቷል።

ቀን 25

ወረቀቱን ጻፍኩ።

«ከሰል። ወንድ፣ ሦስት ዓመት ገደማ፣ 24 ኪሎ። ተከትቧል፣ ተኮላሽቷል። ሲያውቃችሁ እግራችሁን ይደገፋል፣ ስለዚህ ቡና ይዛችሁ አትቁሙ። አይጮኽም። እንግዳ አንገቱን ሲያቅፈው አይወድም። ለማሽተት ጊዜ የሚሰጠው ሰው ይፈልጋል። ከሌሎች እንስሳት ጋር ይስማማል።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አስታውሱልኝ።

ቀን 27

ዘጠኝ መልእክት መጣ። አራቱ የጠየቁት ዝርያውን ነው። አይታወቅም፤ ቅልቅል ነው። ሁለቱ «ቤት ይጠብቃል?» አሉ። እውነቱን ነገርኳቸው፦ ሌባ ቢመጣ ይደገፍበታል። አንዱ «ነጭ የለም?» አለ። አንዱ ስልክ ቁጥሩን ልኮ ጠፋ። የቀሩት ወጣት ባልና ሚስት ናቸው። ጨዋ፣ ረጋ ያሉ፣ ጥሩ ጥሩ ጥያቄ የጠየቁ። «ድመት አለችን፣ ችግር ይኖረዋል?» አሉኝ።

መጠለያው ውስጥ ከድመቶቹ ክፍል ፊት ለፊት በየቀኑ ያልፍ ነበር። ዞር ብሎም አያይም። «ችግር የለውም» አልኩ።

ቀን 30

ወሰዱት። ምንጣፉንና ሰማያዊ ኳሱን አስያዝኳቸው። ማታ ቤቱ ጭር ብሎብኝ ቶሎ ተኛሁ።

ቀን 34

ተመለሰ።

ድመቷ ሮጠች፣ እሱ ተከተላት። በቃ። አልነከሳትም፣ አልደረሰባትም። እሷ ግን ቁምሣጥን ላይ ወጥታ መውረድ አሻፈረኝ አለች፣ ምግቧንም ተወች። ድመት ለተከታታይ ቀናት ካልበላች ጉበቷ ይጎዳል፣ ሕይወቷንም ሊያሳጣት ይችላል። ባልና ሚስቱ ያደረጉት ትክክል ነው። ልጅቷ ስታስረክበኝ ታለቅስ ነበር። ይቅርታ የጠየቅኩት እኔ ነኝ።

በክፍል ውስጥ ሆና ቁጭ ያለች ድመትና መሬት ላይ የምትሮጥ ድመት ለውሻ አንድ አይደሉም። የሚሮጥ ነገር ሲያይ እግሩ ከአእምሮው ይቀድማል። ይህን ለማወቅ አንድ ሳምንት በዝግታ፣ በገመድ፣ በር ለይቼ ልሞክረው እችል ነበር። ጊዜው ነበረኝ። ጥሩ ዓረፍተ ነገር አገኘሁ ብዬ ጻፍኳት፣ እሱ አራት ቀን ከፈለላት።

ከሰል ቤት ሲገባ ወደ ምንጣፉ ቦታ ሄደ። ምንጣፉ ገና በከረጢት ውስጥ ነበር። ባዶውን ወለል አሸተተ። እኔ መሐል ቤት ቆሜ ጠበቅኩት። አጠገቤ አለፈና ግድግዳውን ተደገፈ።

ቀን 36

ወረቀቱን አረምኩ። «ከሌሎች እንስሳት ጋር ይስማማል» ወጣ። «ድመት ያለበት ቤት አይሆነውም፤ ሞክረን አይተነዋል» ገባ። ከሌላ ውሻ ጋር እንዴት እንደሆነ ደግሞ ልንገምት አንችልም፣ እናያለን።

ማታ ጉልበቴ ላይ ተደገፈ። ቀለል አድርጎ፣ ግማሽ ክብደቱን ብቻ።

ቀን 41

ሰሞኑን ሁለት ነገር ሞከርን። አንዱ ሌላ ውሻ ነው። ከመጠለያው አንዲት ረጋ ያለች ውሻ ተውሰን፣ ሁለት ሰው ሁለት ገመድ ይዞ፣ መንገዱን ማዶና ማዶ ሆነን ወደ አንድ አቅጣጫ ተጓዝን። በየቀኑ ርቀቱን እናጠባለን። በሦስተኛው ቀን ጎን ለጎን ሆኑ፣ ተሻተቱ፣ ተሰለቻቹ። ግሩም ውጤት ነው፤ መሰላቸት የምንመኘው ነው።

ሌላው ብቻውን መቅረት። ስልኬን መደርደሪያ ላይ እየቀረጸ ትቼ ወጣሁ። አንድ ደቂቃ፣ አምስት፣ ሃያ፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት። ብቻውን ሲቀር የሚሸበር ውሻ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ይለይለታል፦ በር ይቧጭራል፣ ያላዝናል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል። ከሰል አሥራ አንድ ደቂቃ በሩን አየ። ከዚያ ተነፈሰ፤ ቅጂው ላይ በግልጽ ይሰማል፣ ረጅም የአዋቂ ሰው ትንፋሽ ነው። ተኛ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተነሥቶ የሶፋውን ጎን ተደገፈ።

«እስከ ሁለት ሰዓት ብቻውን ይቀራል» ተብሎ ተጻፈ። ሦስት አላልኩም፣ ሦስት አላየሁማ።

ቀን 45

አንዲት ሴት ደወሉ። ድምፃቸው የጠና፣ ችኮላ የሌለበት። ከሰው ሁሉ ያልሰማሁትን ጥያቄ ጠየቁ፦ «የማይወደው ምንድን ነው?»

ዘረዘርኩላቸው። አንገቱን መታቀፍ፣ ከላይ የሚመጣ እጅ፣ መጣደፍ። ድመት ያባርራል። የተንጠለጠለ ፎጣ ይጎትታል። ሲያስል እንደነበር፣ እንደዳነ። ተወስዶ እንደተመለሰ፣ ጥፋቱ የኔ እንደነበር። እያወራሁ ራሴን ታዘብኩት፣ ሰው የማባርር ነው የምመስለው።

«መጥቼ ልየው» አሉ።

ከሰዓት በኋላ መጡ። አልጠሩትም፣ እጃቸውን አልዘረጉም። ወንበር ስበው ተቀመጡና ስለራሳቸው ያወሩኝ ጀመር። የነበራቸው ውሻ አርጅቶ ሞቷል፣ ዓመት ሊሆነው ነው። ጠዋት ጠዋት ይራመዳሉ፣ ሐኪም አዟቸው፤ ብቻቸውን መሄድ ግን ሰልችቷቸዋል። ከሰል ከሩቅ አሸተተ። ዞረ። ከጀርባ መጣ። ጫማቸውን አሸተተ። እሳቸው ወሬያቸውን አላቋረጡም።

ከዚያ ጎኑን አዞረ። ትከሻውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፈ፣ ለቀቀው። ሙሉውን፣ 24ቱንም ኪሎ። ወንበሩ ሲጥ አለ።

«ኧረ ይሄማ ሊጥለኝ ነው» አሉ። እግራቸውን ግን አልሰበሰቡም።

ቀን 47

ቤታቸውን ላይ ሄድኩ፣ ከሰልንም ይዤ። አጥሩን ዞርኩ፣ የበሩን መቀርቀሪያ ሞከርኩ፤ ከታች በኩል ጭንቅላት የሚያሳልፍ ክፍተት ነበር። «እናቴ፣ ይቺ ትደፈን» አልኳቸው። «ነገ» አሉ። በማግስቱ ጠዋት የተደፈነውን ፎቶ አንሥተው ላኩልኝ።

ቀን 49

ርክክብ። በዚህኛው ዙር የጻፍኩት የማስረከቢያ ወረቀት ረጅም ነው፣ ሁለት ገጽ። ምግቡን ድንገት እንዳይቀይሩት፣ የድሮውን ከአዲሱ እየቀላቀሉ በሳምንት ውስጥ እንዲያሻግሩት። ቸኮሌት፣ ወይንና ዘቢብ፣ ሽንኩርት፣ ዛይሊቶል የሚባለው ማጣፈጫ ያለበት ማስቲካ በፍጹም እንዳይቀምስ። መጀመሪያ ሰሞን እንግዳ እንዳያበዙበት፤ ይቺን በሁለት መስመር አሰመርኩባት።

ቆዳው ሥር ስላለችው ቺፕም አስረዳኋቸው። የሩዝ ፍሬ ታክላለች፣ 15 አኃዝ ያለው ቁጥር ይዛለች። «ታዲያ የት እንዳለ በስልኬ አየዋለሁ?» አሉ። አይቻልም። ባትሪም የላትም፣ ያለበትንም አትናገርም። ማንበቢያው መሣሪያ ሲጠጋት ብቻ ቁጥሯን ትሰጣለች፤ ቁጥሩ የሚጠቅመው ደግሞ መዝገቡ ላይ ያለው ስልክ የባለቤቱ ከሆነ ነው። እዚያው ቁጭ ብለን ስልኩን ወደሳቸው አዛወርነው።

ምንጣፉን ሳላጥብ ሰጠኋቸው። ሽታው የሱ ነው፣ እንዳለ ይሂድለት። ጋሼ ሊሰናበቱት መጥተው የዶሮ ቋጠሮ አስያዙት። ከሰል እፊታቸው ቁጭ አለ፣ ሳይታዘዝ።

መኪናው ሲሄድ በመስኮቱ አላየኝም። የሳቸውን ክንድ ተደግፎ ነበር።

ቀን 52

መልእክት፦ «ልጄ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ተኛ። እንዳልሽው ነው፣ አልረበሽኩትም። ዛሬ ምሰሶ ሥር ቆመን ቀረን።»

ቀን 70

ዛሬ በስልክ አገኘኋቸው። በቀን ሁለቴ ይራመዳሉ። ፎጣ ሁሉ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። ልሰናበታቸው ስል «ቆይ፣ ቆይ» አሉ።

«ጠዋት ጮኸ።»

«ከሰል?»

«ሁለት ጊዜ። ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሰው ነበር። በሩ ድረስ ሮጦ ጮኸበት፣ እኔም እሱም ደነገጥን። ከዚያ ሄዶ ተደገፈበት። ሰውየው ቁጥሩን አበላሽቶ ጽፎ እንደገና አነበበ።» ሲስቁ ትንሽ ቆዩ። «አንቺ ‹አይጮኽም› ብለሽ ጽፈሽ የለ? ወረቀትሽን አርሚው።»